በቶምና በጄሪ ቤት ሦስተኛዋ ሰው

ስለ ድመትና ስለ አይጥ ካርቱን መጻፍ ከቁም ነገር መሸሽ የሚመስላቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ አልጠፋኝም። ይሁንና ከሰማንያ ዓመት በላይ በየአህጉሩ፣ በሀብታሙም በድኻውም ቤት፣ በኮሚኒስቱም በካፒታሊስቱም አገር ሕፃናትና ሽማግሌዎች እኩል ሲስቁበት የኖረ ነገር ካለ፣ ያ ነገር ስለ ሥልጣን የሚነግረን አንዳች ጉዳይ ሳይኖረው አይቀርም። ስለዚህ ውድ አንባቢ ለዛሬ ይታገሠኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶምና ጄሪ ለምን አያረጁም ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ደካማው ብርቱውን ሲረታ ማየት ያስደስታል ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ደካማ ብርቱን የሚረታበት ተረት በየአገሩ ሞልቶ ተርፏል፤ አብዛኛው አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያበቃ ነው። ይህኛው ግን የመቶ ጊዜ ድግግሞሽ አላሰለቸውም። በእኔ እምነት ምሥጢሩ ያለው ከድመቱም ከአይጡም ራስ በላይ በቆመች፣ ፊቷ በማይታይ በአንዲት ሴት ዘንድ ነው። ወደ እሷ ከመድረሳችን በፊት ግን የጠቡን ጥንታዊነት ጥቂት እንመልከት።

የድመትና የአይጥ ጦርነት ሆሊውድ የፈጠረው አይደለም። በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ የግብፅ ሙዚየም ውስጥ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በራምሴሶች ዘመን የተሣለ አንድ የፓፒረስ ጥቅልል ይገኛል። በላዩ ላይ የአይጦች ፈርዖን ውሾች በሚጎትቱት ሠረገላ ላይ ቆሞ ድመቶች የመሸጉበትን ምሽግ ሲያጠቃ ይታያል። ሠዓሊው የቀዳው ፈርዖኖች በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ራሳቸውን ድል አድራጊ አድርገው ያሣሉትን ሥዕል ነው። የቤተ መንግሥቱን ክብር ወስዶ ለአይጥ አለበሰው ማለት ነው። ይህን የሣለ ሰው ጥቅልሉን ለማን ያሳይ እንደነበረ ባውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ!

በፋርስ ምድር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለስላቀኛው ባለቅኔ ለዑበይድ ዛካኒ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ግጥም ደግሞ የኪርማን ከተማ ድመት «ንስሐ ገባሁ» ብሎ መስጊድ ሲገባ፣ አይጦች በደስታ ሰክረው እጅ መንሻ ይዘውለት ሲሄዱ፣ እሱም ስጦታውን ትቶ አምጪዎቹን ሲበላ ይተርካል። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ለሚል ሕዝብ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። በሩሲያም አይጦች ድመትን በታላቅ ሥርዓት ሲቀብሩ የሚያሳይ፣ በእንጨት ተቀርጾ የሚታተምና በየገበያው የሚሸጥ ሥዕል ነበር። ብዙዎች በ1725 በሞተው በታላቁ ጴጥሮስ ላይ የተሰነዘረ ስላቅ ነው ሲሉ ሌሎች ሊቃውንት ሥዕሉ ከንጉሡ ሞት ይቀድማል ብለው ይከራከራሉ። ማንም ይርታ ማን፣ ድመት ሲባል የሰው ዓይን ወዲያው ወደ ዙፋኑ እንደሚያማትር ክርክሩ ራሱ ይመሰክራል።

በእነዚህ ሁሉ ድመቱ ንጉሥ ነው፤ ከእሱ በላይ የሚያዘው የለም። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» የሚለው የእኛ አባባልም የቆመው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። በ1940 በካሊፎርኒያ የተፈበረከው ድመት ግን ከዙፋኑ ወርዶ ቅጥረኛ ሆነ።

የመጀመሪያው ፊልም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1940 ወጣ። ርእሱ «ፑስ ጌትስ ዘ ቡት» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ድመቱ ተባረረ» እንደ ማለት ነው። ድመቱ ገና ቶም አልተባለም፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ድመቱ የአይጡን ጅራት ይዞ ይጫወትበታል፤ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ በግድግዳው ላይ በቀለም የሐሰት ቀዳዳ ሥሎ አይጡ ሮጦ ሲላተም ይስቃል። እስከዚህ ድረስ ያለው የጥንቱ ተረት ነው። ከዚያ በማሳደድ መካከል አንድ ዕቃ ይሰበራል። ያን ጊዜ የቤቱን ሥራ የምትሠራው ጥቁር ሴት ትመጣለች። ካሜራው ከወገቧ በላይ አይወጣም፤ የሚታየን ቀሚሷ፣ እግሯና ነጠላ ጫማዋ ነው። ድመቱን ይዛ «ከእንግዲህ አንድ ዕቃ ብትሰብር ከዚህ ቤት ትወጣለህ» ስትል ታስጠነቅቀዋለች።

አይጡ ይህን ይሰማል። ቀጥሎ የሚሆነውን ነገር ውድ አንባቢ እንደ ፖለቲካ ትምህርት አድርጎ ቢመለከተው አይሳሳትም። አይጡ ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ አንድ የመጠጥ ብርጭቆ አንሥቶ ወደ ወለሉ ያመለክታል። ሊዘለው የተዘጋጀው ድመት ባለበት ደርቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አሳዳጁ የብርጭቆ ጠባቂ ይሆናል፤ ከሥር ከሥር እየሮጠ የሚወረወረውን ሲቀልብ፣ ወለሉን በትራስ ሲሸፍን፣ በመጨረሻም የሳህን ክምር ታቅፎ ሲንገዳገድ እናያለን። አይጡ ጡንቻ አላበጀም፤ ብልሃቱም ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። ያገኘው አንድ ዕውቀት ብቻ ነው፦ የሚያስፈራው ፍጡር ራሱ የሚፈራው እንዳለ።

ይህ ግኝት ነው ጠቡን የማያልቅ ያደረገው። ቶም አይጡን የሚያሳድደው ሥራው ስለሆነ ነው፤ እያሳደደ ቤቱን ካፈረሰ ደግሞ ይባረራል። አይጡን ቢበላው ኖሮ የሚቀጠርበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ባይዘው ሰነፍ ነው፤ ሲይዘው ዕቃ ይሰበራል። በየመሥሪያ ቤቱ ከአለቃና ከባለጉዳይ መካከል ተጣብቆ የሚኖር ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል፤ ሕፃንም በአባቱና በታናሽ ወንድሙ መካከል ሆኖ ያውቀዋል። ለዚህም ነው ጄሪን የምንደግፍ መስሎን ሳለ ዓይናችን ከቶም ፊት የማይነቀለው።

ነገሩን ያለ ማቅማማት እስከ ጫፉ የወሰደው በ1948 የወጣው «ኦልድ ሮኪን ቼር ቶም» ነው። ሠራተኛዋ ቶም አርጅቷል ብላ ላይትኒንግ የሚባል ፈጣን ቀይ ድመት ታመጣለች። አዲሱ ድመት አይጡንም አሮጌውንም ድመት ያንገላታል፤ በዚህን ጊዜ ቶምና ጄሪ ተመሳጥረው አዲሱን ከቤት ያስወጡታል። ጠላቶች የተባበሩት የድመቱ እንጀራ በተነካ ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው የድመቱን ኑሮ የኖሩ ነበሩ። ዊልያም ሐና በ1910 በኒው ሜክሲኮ ተወልዶ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ኮሌጁን አቋርጦ በግንባታ ሥራ የተሰማራ ሰው ነው። ጆሴፍ ባርቤራ በ1911 በኒው ዮርክ ከጣሊያን ስደተኞች ቤተ ሰብ ተወልዶ በባንክ ጸሐፊነት ሲሠራ በትርፍ ጊዜው ሥዕል እየሣለ ለመጽሔት ይሸጥ ነበር። ሁለቱ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ተገናኝተው ያንን የመጀመሪያ ፊልም ሲሠሩ ስማቸው በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው የሩዶልፍ አይሲንግ ስም ብቻ ነው። የስቱዲዮው አለቆች አንድ የድመትና የአይጥ ፊልም በቂ ነው ብለው ሊተዉት ነበር። ሐሳባቸውን ያስለወጠው ከቴክሳስ የሲኒማ ቤቶች ሰዎች ዘንድ የመጣ «ሌላ መቼ ትልኩልናላችሁ?» የሚል ደብዳቤና ፊልሙ ለኦስካር መታጨቱ ነው። ስም ለማውጣት በሠራተኞች መካከል ውድድር ተደርጎ ጆን ካር የተባለ ሠዓሊ «ቶምና ጄሪ» የሚለውን አቅርቦ 50 ዶላር ተሸለመ። ሃምሳ ዶላር! ያ ስም በኋላ ስንት ሚሊዮን እንዳስገባ የሚያስላ ቢያሰላው።

ከ1940 እስከ 1958 ሐና እና ባርቤራ 114 የቶምና የጄሪ ፊልሞችን አወጡ። ከእነዚህ 13ቱ ለኦስካር ታጭተው 7ቱ አሸነፉ። የመጀመሪያው አሸናፊ በ1943 የወጣው «ያንኪ ዱድል ማውስ» ሲሆን፣ የቤቱን ምድር ቤት ወደ ጦር ሜዳ የለወጠ፣ እንቁላሉ የእጅ ቦምብ፣ የቺዝ መፋቂያው የጦር መኪና የሆነበት የጦርነት ዘመን ፊልም ነው። ሽልማቱን በየጊዜው ወደ መድረክ ወጥቶ የሚቀበለው ግን ፕሮዲዩሰሩ ፍሬድ ክዊምቢ ነበር። ክዊምቢ ሥዕል የማይሥል፣ ቀልድ የማይጽፍ፣ ከፊልም ሽያጭ ሥራ የመጣ አስተዳዳሪ ነው። ሽልማቱ በደንቡ መሠረት ለፕሮዲዩሰር የሚሰጥ ስለነበር ሕግ አልጣሰም። ሐና እና ባርቤራን ከጎኑ እንዲቆሙ አለመጋበዙ ግን የደንብ ጉዳይ አልነበረም።

ፊልሙን ድንበር ያሻገረው ዋናው ነገር ዝምታው ነው፤ ዝምታ ማለቴ የቃል ዝምታ ነው እንጂ ጆሮ እረፍት አያገኝም። ስኮት ብራድሌይ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ የስቱዲዮውን ትልቅ ኦርኬስትራ ይዞ እያንዳንዱን እርምጃ፣ እያንዳንዱን የዓይን ጥቅሻ በኖታ አጅቧል። በዘመኑ የኮንሰርት አዳራሽ ታዳሚ ጆሮውን የሚደፍንበትን የሾንበርግን ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ስልት ብራድሌይ በ1944 ድመትን ለማጀብ ሲጠቀምበት ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ተቀበለው። በ1947 የወጣው «ካት ኮንቸርቶ» ደግሞ ቶምን ባለ ሙሉ ልብስ ፒያኖ ተጫዋች አድርጎ የሊስትን ሁለተኛውን የሃንጋሪ ራፕሶዲ ያስመታዋል፤ ጄሪ ከፒያኖው ሆድ ውስጥ ሆኖ ይበጠብጠዋል። የቶም የሥቃይ ጩኸት የራሱ የዊልያም ሐና ድምፅ ነው። ንግግር ስለሌለ ትርጉም አያስፈልግም፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ሆነ ዱባይ የሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ከጃፓን ልጅ እኩል በዚያው ቅጽበት ይስቃል።

በ1957 ስቱዲዮው የካርቱን ክፍሉን በስልክ ትእዛዝ ዘጋው። የሒሳብ ሰዎች የቆዩትን ፊልሞች ደግሞ ማሳየት አዲስ ከማሠራት ያላነሰ ገቢ እንደሚያስገኝ ተረድተው ነበር። አሳዳጁ ከተሳዳጁ ጋር አብሮ ከቤት ወጣ። ሐና እና ባርቤራ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው በቴሌቪዥን ከበሩ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1961 እና በ1962 13 አዳዲስ የቶምና የጄሪ ፊልሞች ከብረት መጋረጃው ጀርባ፣ በኮሚኒስት ቼኮስሎቫኪያ ዋና ከተማ በፕራግ ተሠሩ። ዳይሬክተሩ ጂን ዳይች ለአሥር ቀን ብሎ በ1959 ወደ ፕራግ ሄዶ፣ አግብቶ፣ በ2020 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ እዚያው የኖረ አሜሪካዊ ነው። በጀቱ ለአንድ ፊልም 10,000 ዶላር ያህል ነበር። የአሜሪካ ተመልካች የኮሚኒስት አገር ሥራ መሆኑን እንዳያውቅ የቼኮቹ ሠራተኞች ስም በእንግሊዝኛ ቀለም ተቀባ፤ የሙዚቃው ደራሲ ቫስላቭ ሊድል «ቪክቶር ሊትል» ሆኖ ወጣ። እንግዲህ በዚህ ካርቱን ታሪክ ውስጥ የሠሪን ስም መደበቅ የካፒታሊስትም የኮሚኒስትም ገንዘብ ነው። የዳይች ፊልሞች ድርቅ ያሉና የሚያስደነግጡ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ድመቱን የሚገዛው ራሰ በራ ወፍራም ሰውዬ ቶምን ሲቀጣ ሳቅ ይጠፋል። የበላዩ ወደ ገራፊነት ሲለወጥ ቀልዱ ሞተ። ከ1963 እስከ 1967 34 ፊልሞችን የሠራው ቸክ ጆንስ ደግሞ በተቃራኒው የቤቱን ጌታ ጨርሶ ሊረሳው ምንም አልቀረውም፤ ሥዕሉ ያማረ፣ ጠቡ ግን የሁለት ሥራ ፈቶች ጨዋታ ሆነ። በ1975 የቴሌቪዥን ሰዎች ጠቡን ራሱን አስቀርተው ሁለቱን ወዳጆች አደረጓቸው፤ በ1992 በወጣው ረዥም ፊልም ደግሞ አናገሯቸው፣ አዘፈኗቸው። ዛሬ ማንም ተመልካች እነዚህን ፈልጎ አያይም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መንግሥታትና ተቆጣጣሪዎችም ካርቱኑን አልተዉትም። በ2006 አንድ የኢራን ምሁር በቴሌቪዥን በተላለፈ ንግግሩ ፊልሙን የዲዝኒ ኩባንያ የአይጥን ስም ለማደስ ያሴረው ሴራ ነው አለ፤ ፊልሙ ግን የዲዝኒ ሆኖ አያውቅም። በዚያው ዓመት በብሪታንያ አንድ ተመልካች አቤት በማለቱ ቶም ሲጋራ የሚያጨስባቸው ትዕይንቶች ተቆረጡ። በ2016 የግብፅ መንግሥት የማስታወቂያ አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ሳላህ አብደል ሳዴቅ በአረቡ ዓለም ለታየው የዓመፅ መስፋፋት ቶምና ጄሪን ከተጠያቂዎቹ መካከል አስገቡ። ያ ፓፒረስ የተሣለበት አገር ባለሥልጣን መሆናቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ከቁረጣዎቹ ሁሉ ከባዱ ግን የዚያች የሴትዮዋ ጉዳይ ነው። ድምፅዋ የተዋናይቷ የሊሊያን ራንዶልፍ ነበር። በ1940 አንዲት ጥቁር ተዋናይ በሆሊውድ የሚጠብቃት ሥራ ምን እንደነበረ ለመረዳት የዚያኑ ወር አንድ ሌላ ክስተት ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው ፊልም በወጣ በ19ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 29፣ ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተሰኘው ፊልም በቤት ሠራተኛነት ተውና የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ ሆነች፤ በዚያች ምሽት ግን የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ ተለይታ ጥግ ላይ በተዘጋጀላት ትንሽ ጠረጴዛ ነበር። የካርቱኗ ሠራተኛ የተቀረጸችው በዚሁ «ማሚ» በሚባለው አምሳያ ነው፦ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ቋንቋዋ የተሰባበረ። ጥቁር አሜሪካውያን ስድቡን ለማየት ፊቷን ማየት አላስፈለጋቸውም። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ተቃውሞውን ሲያሰማ እውነት ነበረው።

ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ የምታዘው እሷ ነች። የሚፈራው ድመት የሚፈራት እሷን ነው። ነጭ ጌታ በቤቱ ውስጥ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይታይም፤ በ1950 በወጣው «ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፑስ» ሴትዮዋ አጊጣ ወደ ካርታ ጨዋታ ማኅበሯ ስትሄድ ቤቱ የራሷ ይሁን የሌላ ለመለየት ያስቸግራል። ስድብና ሥልጣን በአንድ ቀሚስ ውስጥ ነበሩ። ራንዶልፍ ራሷ እነዚህን ሚናዎች ለሚነቅፉ ሰዎች መልስ ነበራት፦ እኛ ብንተወው ሚናው አይጠፋም፤ የሚጠፋው እኛ ነን፣ ሌላ ዘር ይተካበታል ትል ነበር።

ቃሏ ደረሰ። በ1960ዎቹ ፊልሞቹ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን እንዲታዩ ሲወሰን የቸክ ጆንስ ሠዓሊዎች ሴትዮዋ ያለችባቸውን ትዕይንቶች ነጭ ሴት አድርገው እንደገና ሣሏቸው፤ ድምፁንም ጁን ፎሬይ የአየርላንድ ቅላፄ ሰጥታ ተናገረችው። በ«ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፑስ» ውስጥ ሴትዮዋ በቁጣ ወደ ቤቷ ስትሮጥ ለቅጽበት ያህል ፊቷ ይታይ ነበር፤ በአዲሱ ሥዕል በእሷ ፈንታ የምትሮጠው ቀጭን ነጭ ወጣት ናት። ድመቱ አልተለወጠም፤ አይጡ አልተለወጠም፤ ሥራውም ያው ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ሥዕሉ ወደ ጥቁር ተመልሶ ድምፁ ብቻ በሌላ ጥቁር ተዋናይ በቴያ ቪዳል ተተካ። ራንዶልፍ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች።

በእኔ አስተያየት ስድቡን መግለጽ ከመቁረጥ ይሻላል። በ2005 በወጣው ዲስክ ላይ ሁፒ ጎልድበርግ እየታየች ይህ የዘመኑ ጥፋት ነው፣ ብንደብቀው ግን ጨርሶ እንዳልነበረ ማስመሰል ይሆንብናል ስትል ያስጠነቀቀችበት መንገድ ትክክል ይመስለኛል። ልጁን ከስክሪን ፊት አስቀምጦ ለሚሄድ ወላጅ ግን ይህ መልስ በቂ እንዳልሆነ እገነዘባለሁ፤ ልጅ መግቢያ አያዳምጥም።

ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በሴፕቴምበር 1952 በወጣው «ፑሽ በተን ኪቲ» ነው። ቶም አይጥ መያዝ አልቻለም ተብሎ መካኖ የሚባል የብረት ድመት በፖስታ ይመጣል፤ አይበላም፣ አይተኛም፣ አይሳሳትም። ቶም ጓዙን በእንጨት ጫፍ ቋጥሮ ይሄዳል። ማሽኑ ቤቱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፣ ቶምም ተመልሶ ይጠራል። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልተጠራችም። ሊሊያን ራንዶልፍ በ1980 ስትሞት እነዚያ ፊልሞች በየአገሩ ቴሌቪዥን ይታዩ ነበር፤ እሷ የተናገረችበት የአንዱም ፊልም የስም ዝርዝር ስሟን አልያዘም።